ግልጽ ደብዳቤ ለኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼና ለማኅበር ኮሚቴዎች፦ የፈረቃ ውሃችንን አብረን እንያዘው

ለ፦ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለምትኖሩ ጎረቤቶቼ
ለ፦ የየብሎኩና የየሳይቱ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ኮሚቴ አባላት
ግልባጭ፦ የከተማዋን ውሃ ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች
ጉዳዩ፦ በፈረቃ ቀን የሚመጣውን ውሃ በጋራ ስለ ማጠራቀም፣ ስለ ማካፈልና ስለ መቆጠብ

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ጎረቤታችሁ ነኝ። ጀሞ ኑሩ ሰሚት፣ የካ አባዶ ኑሩ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ፣ የውሃ ነገር ሲነሳ የሁላችንም ወሬ አንድ ነው፤ «መጣ?»፣ «እናንተ ጋ ደረሰ?»፣ «ሄደ እንዴ?»። ውሃው ስለሚጠፋባቸው ቀናት ብዙ ተነጋግረናል፤ ወደፊትም እንነጋገራለን። ዛሬ የማነሳው ግን ውሃው ስለሚመጣበት ቀን ነው። በዚያች በሚመጣባት ሌሊት ምን እናደርገዋለን? ከቆጣሪው እስከ ጀሪካናችን ባለው አጭር መንገድ፣ በራሳችን ግቢና በራሳችን ቤት ውስጥ፣ ብዙ ውሃ ያመልጠናል። ያላመለጠውም ለሁላችን እኩል አይደርስም። ይህ ግድብ እስኪገነባ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም። በደረጃችን ተስማምተን ልናስተካክለው እንችላለን።

የከተማችን ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለዚህ ንግግር ይጠቅማል። የገፈርሳ ግድብ አለ፤ የለገዳዲ ግድብ ከ50 ዓመት በላይ አገልግሏል፤ የድሬ ግድብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአቃቂና ሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙውን ሸክም ተሸከሙ። የግድቡ ውሃ በክረምት ዝናብ ላይ የቆመ ነው። የጉድጓዱ ውሃ በመብራት ላይ የቆመ ነው፤ አቃቂ ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው በፓምፕ ሽቅብ ተገፍቶ ነው የሚመጣው፣ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። በመካከሉ የሕዝቡ ቁጥር ጨመረ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ኮንዶሚኒየም በየአቅጣጫው ተሠራ። ቀድሞ በአንድ ግቢ አንድ ቧንቧ ይበቃበት የነበረ ቦታ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጥ ቤቶችና መጸዳጃ ቤቶች አሉበት።

ፎቁ ላይ ያለነው ሰዎች ችግር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ያለ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ገደማ ይርቃል። በየመታጠፊያውና በየመጋጠሚያው የሚባክነው ግፊት ሲጨመርበት፣ ታች ያለው ጎረቤቴ በደንብ እየቀዳ ሳለ እኔ ጋ አየር ብቻ ሊወጣ ይችላል። ውሃው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ላይ የሚወጣውም አብዛኛው ሰው ስለሚተኛና በመስመሩ ያለው ግፊት ስለሚያድግ ነው። ታች ያለው ጎረቤቴ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። አቀማመጡ ራሱ እሱን ይጠቅማል፣ እኔን ይጎዳል። ስለዚህ ካልተስማማን በቀር ውሃው በራሱ ጊዜ በእኩል አይከፋፈልም።

አሁን ደስ የማይለውን ጉዳይ ላንሳ። በብዙ ብሎኮች አቅሙ ያለው ሰው ትንሽ ፓምፕ ገዝቶ በቀጥታ ከመስመሩ ላይ ይገጥማል። ለምን እንደሚያደርገው ይገባኛል፤ ሕፃናት አሉት፣ የታመመች እናት ትኖረው ይሆናል፣ ውሃው ሳይደርሰው እንዳይሄድ ይሰጋል። ነገር ግን ፓምፑ ውሃ አይፈጥርም፤ ለሌላው ሊደርስ የነበረውን ይስባል እንጂ። አንዱ ሲገጥም ጎረቤቱ ይደርቅበትና እሱም ለመግዛት ይገደዳል። ቀስ በቀስ የሚችለው ሁሉ ገዝቶ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ መግዛት ያልቻለው ብቻ ከነበረበትም ዝቅ ብሎ ይቀራል። ጡረተኛው፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እናት፣ ተከራዮቹ ተማሪዎች በጀሪካን እየተሸከሙ የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። የጉልበት ሕመም ያለባቸው እማማ ያንን ይዘው ስንት ደረጃ እንደሚወጡ ሁላችንም በየቀኑ እናያለን። ብዙ ጊዜ የሚሸከሙት ደግሞ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ናቸው፤ ስለ ውሃ ስናወራ እነሱን ብዙ ጊዜ እንረሳለን።

የጤናው ነገር ደግሞ ይብሳል። ግፊት ያለበት ቧንቧ ቢሰነጠቅ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ የውጭ ቆሻሻ አይገባበትም። ፓምፕ ሲስበው ግን በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። ያን ጊዜ በስንጥቁና በላላው መጋጠሚያ በኩል በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። የፍሳሽ መስመር በአጠገቡ ካለፈ ምን እንደሚገባ መገመት አያቅትም። የሚጠጣው ደግሞ ፓምፕ የገጠመው ሰው ብቻ አይደለም፤ በዚያ መስመር ላይ ያለን ሁላችን ነን። ስለዚህ ኮሚቴዎችን አጥብቄ የምለምነው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ በቀጥታ ከመስመር የሚስብ ፓምፕ በብሎካችሁ እንዳይኖር ተስማሙ። ፓምፕ ያስፈልገናል፤ የሚስበው ግን ከመስመሩ መሆኑ ቀርቶ ከጋራ ማጠራቀሚያ ይሁን።

ስለ ጋራ ማጠራቀሚያው በዝርዝር ላውራ፤ ብዙ ስብሰባ «ሮቶ እንግዛ» ተብሎ ከተጨበጨበ በኋላ ስንት ሊትር፣ የት፣ በማን ኃላፊነት የሚለው ሳይነሳ ስለሚበተን። በአንድ መወጣጫ ደረጃ የሚጠቀም 20 ቤት፣ በየቤቱ 4 ሰው አለ እንበል፤ 80 ሰው ነው። ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለመታጠቢያና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 50 ሊትር ብንይዝ በቀን 4,000 ሊትር ይሆናል። ውሃ በየ3 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ 12,000 ሊትር መያዝ አለብን። አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ከታች፣ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ከላይ ሆኖ ሊሸፍነው ይችላል። በየቤቱ በረንዳ ላይ የተደረደረውን ሮቶና በርሜል ዋጋ ብትደምሩት የጋራው ወጪ ያን ያህል የሚያስፈራ ሆኖ አታገኙትም።

እዚህ ላይ ስለ በረንዳ አንድ ነገር ልጨምር። 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። በረንዳ ያንን በአንድ ጥግ እንዲሸከም ታስቦ አልተሠራም። በጣሪያ ላይ የሚቀመጠውም ቢሆን መሐንዲስ ሳያየው መውጣት የለበትም፤ ዓምድና ግድግዳ ባለበት እንጂ በቆርቆሮው ማገር ላይ አይቀመጥም። ታች ያለው ትልቁ ሮቶ ደግሞ በተደለደለ ሲሚንቶ ላይ፣ ከፍሳሽ ጉድጓድ ርቆ፣ ክዳኑ ተቆልፎ ይቀመጥ።

«ፓምፑ የመብራት ቆጣሪ ይበላብናል» የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል። እናስላው። 4,000 ሊትር ውሃ 20 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ የፓምፑን ብክነት ጨምረን፣ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ኃይል ነው የሚፈልገው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያንን በ20 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። በአንጻሩ 4,000 ሊትር በሰው ትከሻ 200 ጀሪካን ነው። ለ20 ቤት የሚሆን የአንድ ቀን ውሃ ከአንድ ቤት የእንጀራ ጋገራ ባነሰ መብራት ፎቅ ላይ መውጣት ከቻለ፣ ሰው እንዲሸከም የምናደርግበት ምክንያት አይታየኝም። ላይኛው ሮቶ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዴ ከሞላ መብራት ቢጠፋም ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። ፓምፑ ግን ታችኛው ሮቶ ባዶ ሲሆን በራሱ የሚቆም መሆን አለበት፤ ደረቅ ሆኖ የሚሠራ ፓምፕ ቶሎ ይቃጠላል።

ማካፈሉ ላይ ሐቀኛ ሥርዓት ያስፈልጋል። ጠዋት የተወሰነ ሰዓት፣ ማታ የተወሰነ ሰዓት ወደ ላይ ማውጣት፣ ሌሊት ውሃ ሲመጣ መስመሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው በክፍያ መመደብ፣ የክፍያውን ደብተር ለሁሉም ክፍት ማድረግ። ለየቤቱ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ቢገጠም ደግሞ «እኔ ብቻዬን ሆኜ ለምን ከባለ ስድስት ቤተሰብ እኩል እከፍላለሁ» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል። ኮሚቴዎች የሚፈርሱት በገንዘብ ጥርጣሬ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው ግልጽ ብታደርጉት ቀሪው ይቀላል።

አሁን ወደ የቤታችን እንግባ። ሳንሰማው ከሚያመልጠን ውሃ ብዙው ያለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። የፍላሽ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው በቀጭኑ፣ ያለ ድምፅ፣ ቀንና ሌሊት ወደ ሳህኑ ይወርዳል፤ በቀን ከመቶ ሊትር በላይ ሊወስድ ይችላል። ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩና ሳትለቁት ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሳህኑ ውስጥ ቀለሙ ከታየ ያፈሳል፤ ጎማው ይቀየር። ዋጋው ከአንድ ጊዜ የቦቴ መዋጮ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። አሮጌው ሳጥን በአንድ ጊዜ 9 ሊትር ያህል ይለቃል፤ ውሃ የተሞላ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውስጡ ብታስቀምጡ በየጊዜው 1 ሊትር ይተርፋል። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግን አታስገቡ፤ እየተፈረፈረ መዝጊያውን ያበላሻል።

በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧም በ24 ሰዓት ከ20 ሊትር በላይ ያፈሳል። ይህ አንድ ሙሉ ጀሪካን ነው፤ እህታችን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ያወጣችው ጀሪካን። ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ማታ የውሃውን ልክ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ሁሉን ዘግታችሁ ተኙ። ጠዋት ልኩ ከወረደ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስም ይታይ፤ ኳሱ ከተበላሸ ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ ይፈስና ደጁ ጭቃ ሆኖ ያድራል፣ ሂሳቡም በቆጣሪው ላይ ይመዘገባል።

ቧንቧ ክፍት ትቶ መሄድን በተለይ አደራ እላለሁ። በደረቅ ቀን ከፍተን «የለም» ብለን እንተወዋለን፤ ከቤት እንወጣለን፤ ሌሊት ይመጣል። ውሃው ይባክናል፣ የታችኛው ቤት ጣሪያም ይርሳል፣ የመብራት መስመርም ይነካ ይሆናል። ከቤት ስትወጡ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ልጆቻችሁንም ይህን አስተምሯቸው።

የወጥ ቤቱን ነገር እናቶች ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የአትክልት እጣቢ ለአበባ፣ የልብስ መለቅለቂያው ለመጸዳጃ ቤትና ለደረጃ፣ ዕቃ በሚፈስ ቧንቧ ሳይሆን በሳፋ ማጠብ። ወንዶቹ ብናግዝ ይሻላል እላለሁ እንጂ ትምህርት ልሰጥ አልፈልግም።

ስለ ንጽሕና ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መስመሩ ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ በቧንቧው ውስጥ የተቀመጠውን ዝገትና ደለል ይዞ ነው የሚወጣው። በባልዲ ቅዱትና ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት አውሉት እንጂ በቀጥታ ወደ መጠጥ ዕቃ አትሙሉት። ሮቶ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ከታች ያለው ዝቃጭ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ሞልታችሁ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ያህል 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ጨምሩና አሳድሩት፤ ጠዋት አፍስሱ፣ አለቅልቁ። ያ ውሃ አይጠጣም፤ ለደረጃና ለወለል ግን ይሆናል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ ትልቅ ሮቶ ውስጥም ብቻውን ሰው አይግባ።

የመጠጥ ውሃ ለብቻው፣ አፉ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ጣሳ እየነከርን ከምንቀዳበት ባልዲ መጠጣት ለተቅማጥ በር መክፈት ነው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ አፍሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ይቆይ። የቀለም ወይም የኬሚካል የነበረ ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ አይሁን።

ዝናቡንም አንርሳው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ብሎክ በአንድ ብርቱ የነሐሴ ዝናብ፣ 20 ሚሊሜትር ቢወርድ፣ የሚፈሰውን ቀንሰን እንኳ 4,800 ሊትር ያህል ይሰበስባል። ያ ሁሉ ዛሬ በአሸንዳው ወርዶ ግቢያችንን አጨቅይቶ ወደ ቱቦ ይገባል። የአሸንዳውን መውረጃ ወደ አንድ ለብቻው የተለየ ሮቶ ማዞር ከባድ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ልቀቁት፤ ቀሪውን ለመጸዳጃ ቤት፣ ለልብስ፣ ለደረጃና ለአትክልት ተጠቀሙበት። ከመጠጡ መስመር ጋር ግን በምንም መንገድ አይገናኝ። በክረምቱ ወራት ለመጸዳጃ ቤት የሚሄደውን የቧንቧ ውሃ ማዳን ማለት ይህ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ግቢ የምትኖሩ ወገኖቼም ይህን ከእኛ በቀለለ መንገድ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ለከተማዋ ውሃ ኃላፊዎችም ጥቂት ልመና አለኝ። የፈረቃውን ሰሌዳ በየሳይቱ፣ ሲለወጥም ለውጡን፣ በስልክ መልእክት አድርሱን፤ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ከሚጠብቅ ሰዓቱን አውቆ ቢነሳ ጤናው ይጠበቃል፣ ውሃውም አይባክንም። ታሪፉ ብዙ የተጠቀመ በብዙ የሚከፍልበት፣ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ስለሆነ፣ 20 ቤት በአንድ ቆጣሪ ወደ ጋራ ማጠራቀሚያ ሲያስገባ እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ እንዳይቆጠር አሠራር አብጁለት። እንዲህ ካልሆነ በጋራ የሚያጠራቅም ይቀጣል፣ ከመስመር የሚስብ ይሸለማል። መንገድ ላይ የፈነዳ ቧንቧ ሲነገራችሁ ደግሞ የሚመጣው ባለሙያ መቼ እንደሚደርስ ንገሩን፤ በጠማው ሰፈር አጠገብ ውሃ በአስፋልት ላይ ሲፈስ ያየን ልጅ ስለ ቁጠባ ብንነግረው አያምነንም። አዲስ ለሚሠሩ ሕንጻዎችም ማጠራቀሚያው ከመሠረቱ ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ነዋሪው ከገባ በኋላ ቦታ መፈለግ ለሁሉም ድካም ነው።

ኮሚቴዎች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አንድ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙልን። ከዚያ በፊት አንድ ሰው መድቡና የብሎኩን ቤቶችና ነዋሪዎች ቁጥር፣ ውሃ የሚመጣበትን ዕለትና ሰዓት፣ በቀጥታ ከመስመር የሚስቡትን ፓምፖች፣ የሚያፈሱትን የፍላሽ ሳጥኖች ይመዝግብ። ስብሰባውን ውሃ በሚመጣበት ቀን አታድርጉት፤ ሰው አይመጣም። ቤት ያከራዩ ባለቤቶችም ይጠሩ፤ መዋጮው የእነሱ፣ ውሃው የተከራዩ ስለሆነ ሁለቱም ካልተገኙ ውሳኔው አይጸናም። ፓምፕ የገጠሙትን ጎረቤቶቻችንን ደግሞ በወቀሳ አትጀምሯቸው። ፓምፓቸውን ለጋራው ማጠራቀሚያ እንዲያበረክቱ፣ ዋጋውም ከመዋጯቸው ላይ እንዲቀነስላቸው ጠይቋቸው።

አክባሪያችሁ፣
አራተኛ ፎቅ የምኖር ጎረቤታችሁ
አዲስ አበባ